ልጅቷ ተኝታለች

ሰውዬው የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የተከሰሰበትን ዘፈን መስማት። ደብዳቤውን አራት ቦታ አጥፎ በደረት ኪሱ ይዞት መጥቶ በጠበቃው ቢሮ እንግዳ ተቀባይ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋውና እጥፋቱን በመዳፉ እያሻሸ፣ “እሺ፣ ጥፋተኛ ልሁን። ግን የትኛው ዘፈን ነው? እስቲ አሰሙኝ” አለ። የአውቶቡስ ሹፌር ነው፤ የሥራ ልብሱን እንኳ አላወለቀም። ተቀባይዋ የዘፈኑ ቁጥር ደብዳቤው ላይ እንደተጻፈ በትሕትና ነገረችው። ቁጥሩንማ አይቶታል፤ አሥራ አንድ አኃዝ ነው፤ ቁጥር ደግሞ አይዘፈንም። ኢንተርኔቱ የገባው በእሱ ስም ይሁን እንጂ ቤቱ ውስጥ ሦስት የደረሱ ልጆችና ሁለት ተከራዮች አሉ። ዘፈኑን ቢሰማ ከአምስቱ የማን እጅ እንዳለበት በምርጫው ያውቃል። ተቀባይዋ ለተከሳሽ ማሰማት እንደማይፈቀድ፣ ማሰማትም ራሱ እንደ ማሰራጨት እንደሚቆጠር አስረዳችው። “አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይሄ ነው” አለና ወረቀቱን በዚያው በድሮው እጥፋት መልሶ አጠፈው። አልሄደም ግን፤ ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

አዳማጭዋ ይህን ሁሉ የሰማችው አሳንሰር ስትጠብቅ ነው። ዓይኗን ወደ ወረቀቱ ጣል ስታደርግ ቁጥሩን አየችው፣ ዘፈኑንም አወቀችው። ከሁለት ወር በፊት ራሷ ነች ያዳመጠችው፤ ሴት ዘፋኝ፣ ፈጠን ያለ ምት፣ መጨረሻው ላይ ጭብጨባ ያለበት። የልጆች እንጂ የተከራይ ምርጫ አይደለም ብላ ትወራረድ ነበር። ቀረብ ብላ ሁለት ስንኝ ብታንጎራጉርለት ሰውዬው ተገላግሎ ወደ ሥራው በሄደ። አሳንሰሩ መጣ፣ ገባች።

ሥራዋ ማዳመጥ ነው። አምስተኛ ፎቅ ላይ፣ መስኮቱ በማይከፈት፣ ግድግዳው ድምፅ በሚውጥ ግራጫ ጨርቅ በተለበጠ ክፍል ውስጥ ስድስት ሰዎች ማዳመጫ ጆሯቸው ላይ ደፍተው ጀርባ ለጀርባ ተሰጣጥተው ይውላሉ። የሚሠሩት የዘፈን አሳታሚዎችን ለሚወክሉ ጠበቃ ነው። መጀመሪያ የተከሰሰው፣ ሰዉ ዘፈን በነፃ የሚጋራበት ድረ ገጽ ነበር። ሦስት ጊዜ አዘጉት፣ ሦስት ጊዜም በሌላ ስም ተከፈተ፤ ባለቤቶቹን መያዝ ጉም መዝገን ሆነ። ይሄኔ ጠበቃው ፊታቸውን ወደ ተጠቃሚው አዞሩ። ድረ ገጹ አድራሻ የለውም፤ ተጠቃሚው ግን ቤት አለው፣ በር አለው፣ ደብዳቤ የሚገባበት ቀዳዳ አለው። ማሽን ድረ ገጹን ሲዞር ያድርና የጠረጠራቸውን ፋይሎች ለቅሞ ያመጣል። ዳኛው የማሽን ምስክርነት ብቻውን አልቀበልም ስላሉ ግን የሰው ጆሮ ያስፈልጋል። አዳማጩ ከመጀመሪያው ሃያ ሰከንድ፣ ከመሐሉ ሃያ ሰከንድ፣ ከመጨረሻው ሃያ ሰከንድ ይሰማና “ነው” ወይም “አይደለም” ከሚሉት ሁለት ሳጥኖች በአንዱ ላይ ምልክት ያደርጋል። “ነው” ከሆነ የኢንተርኔት መስመሩ ቁጥር ወደ ስልክ ድርጅቱ ይላካል፤ ከዚያ ስም ይመጣል፤ ከዚያ ደብዳቤ ይወጣል።

በቢሮው “ጆሮ” ነው የሚሏት፤ በአራት ዓመት አንድም ጊዜ ተሳስታ ስለማታውቅ። ሥራ የጀመረች ዕለት የምትሠራውን ለቤተሰቧ እንኳ ላትናገር ፈርማለች። ስለዚህ ቤት ውስጥ ሲጠይቋት “ዘፈን ነው የማዳምጠው፣ ከኢንተርኔት” ብላ ታልፍ ነበር። እናቷ በሕይወት ሳለች ይሄ ነገር ሊዋጥላት አልቻለም። “ዘፈን ለማዳመጥም ደመወዝ አለ? እኔ ይሄን ሁሉ ዘመን በነፃ ስሰማ ኖሬያለሁ” ትል ነበር። ወንድሟ ደግሞ ለሬዲዮ ጣቢያ ዘፈን የምትመርጥ መስሎት፣ ለደንበኞቹ “እህቴ የዘፈን ባለሙያ ናት” እያለ ያወራ ነበር አሉ። ይህም እናታቸው ሳትሞት ነው። ከዚያ ወዲህ ወንድሟ ምን እያለ እንደሚያወራ አታውቅም።

የዕለቱን ሃያኛ ፋይል የከፈተችው ከረፋዱ አራት ሰዓት ገደማ ነው። ገና ሲጀምር ከካሴት የተቀዳ መሆኑን አወቀች፤ ከዘፈኑ በፊት ያ እንደ ሩቅ ወራጅ ውኃ ያለ ሽውታ ይሰማል። ቀረጻው ጥርት ያለ አይደለም፤ ሁለት ቴፖችን ፊት ለፊት አስቀምጦ አንዱ ሲያጫውት ሌላው በማይክራፎኑ እንዲቀዳ የተደረገ ነው። ድሮ፣ ገመድ ለመግዛት አቅም ባልነበረበት ጊዜ፣ ቤታቸውም እንደዚያ ነበር የሚቀዳው። ወንድሟ ቴፕ ከጎረቤት ተውሶ ያመጣል፤ ጓደኞቹ አልጋ ጠርዝ ላይ ይደረደራሉ፤ ቤተሰቡ በሙሉ ትንፋሹን ይውጣል። የሳለ ጉዱ ይፈላል፤ ከመጀመሪያው እንደገና ነው። ዘፈኑ የድሮ ነው፣ አሳታሚው ከወራሾች የገዛው፤ ቁጥሩን ሳታይ ታውቀዋለች። የመጀመሪያውን ሃያ ሰከንድ ሰምታ ወደ መሐሉ ዘለለች። በር ሲጢጥ ሲል ተሰማ። ቀጥሎ አንዲት ሴት፣ ከዘፋኙ ኋላ፣ በዝግታ፣ “ማሙሽ፣ ቀንሰው እስቲ። ልጅቷ ተኝታለች፤ ነገ ፈተና አለባት” አለች። አንድ ጎረምሳ በሹክሹክታ “እሽ! እየቀዳን ነው እኮ እማዬ” አለ። ሴትዮዋም፣ “ቅዳ፤ ቀስ ብለህ ቅዳ” አለች። የታፈነ ሳቅ ተከተለ። ዘፋኙ ምንም እንዳልተፈጠረ ቀጠለ።

ያለ ጥርጥር እናቷ ናት። ከሞተች ሁለት ዓመት ከአራት ወር የሆናት እናቷ፣ ማዳመጫው ውስጥ፣ በግራ ጆሮዋ በኩል ትንሽ ጎላ ብላ። ማሙሽ ወንድሟ ነው፤ ያኔ ጢም አውጥቶ እንኳ እናቱ ማሙሽ ትለው ነበር። የተኛችው ልጅ ደግሞ እሷ ናት። መልሳ ሰማችው፤ ደግማ ሰማችው፤ በአራተኛው ዓይኗ እንባ አቀረረ። ከእንባው ሥር ግን ሌላ ነገር ቀስቀስ ሲልባት ተሰማት። ማን ጫነው? ለምን? ካሴቱ እኮ የለም ተብሏል። የእናታቸውን ቤት ለቀው ዕቃ የተካፈሉ ዕለት ለእሷ የስፌት መኪናው፣ ለወንድሟ ቴፑ ደረሰ። “ያቺን አንዷን ካሴት ብቻ ስጠኝ፤ እማዬ የምትናገርባትን” ስትለው፣ “ቴፑ በላት እኮ” አላት፤ ፊቱን ወደ ካርቶኑ አዙሮ። እሷም አኮረፈች፤ እናትን ለቴፕ የሚያስበላ ሰው ምን ይባላል? ከዚያ ወዲህ በወር አንዴ ይደዋወላሉ። ደህና ነሽ፣ ደህና ነህ፣ በቃ። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ የእነሱ ዝምታ ግን ውስጥ ውስጡን ነቅዞ ነበር።

የፋይሉን ገጽ ከፈተች፤ ይህ ይፈቀዳል። ስሙ ያው የዘፈኑ ስም ነው። ከተጫነ ስምንት ወር ሆኖታል። አራት መቶ አሥራ ሁለት ጊዜ ወርዷል። ይሄን የሚያህል ሰው፣ ጥርት ያለው ቅጂ እዚያው አጠገቡ ተቀምጦ እያለ፣ ይሄን ሽውታና በር ያለበትን ምን ቆርጦት አወረደ? ከሥሩ የተጻፉትን አስተያየቶች ስታነብ ገባት። “ዘፈኑን ሌላ ቦታ አግኝቼዋለሁ፤ ይሄን ያወረድኩት ለሴትዮዋ ነው።” “የኔም እናት ልክ እንደዚህ ነበር የምትለው፤ ቃል በቃል።” “ቀስ ብለህ ቅዳ! ቤታችን መፈክር ሆኗል።” አንዱ ደግሞ፣ “ልጅቷ ግን ፈተናውን አለፈች?” ብሎ ጠይቆ አሥራ ሰባት ሰው “እኔም ማወቅ እፈልጋለሁ” ብሎታል። አላለፈችም፤ ሒሳብ ነበር። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንዲሉ፣ እናቷን አራት መቶ አሥራ ሁለት ባዳ ሰምቷት ሲያበቃ ነው እሷ ጆሮ የደረሰችው።

ሃያኛው ፋይል ምልክት ሳይደረግበት ቀረ። ሌላ ተራ ላይ ቢሆን “አይደለም” ብላ መዝለል ትችል ነበር፤ ግን እያንዳንዱን አሥረኛ ፋይል ተቆጣጣሪው ራሳቸው ደግመው ይሰማሉ፤ ሃያኛው ደግሞ ከእነዚያ አንዱ ነው። በዚያ ላይ ውሸት ነው። ማምለጫው አንድ ብቻ ነው፤ አሥር ሰዓት። ጠበቃው “በሌለ ነገር አልከስም” ስለሚሉ ማሽኑ በየቀኑ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ለመጨረሻ ጊዜ ድረ ገጹን ይዞራል፤ እስከዚያ በባለቤቱ የጠፋ ፋይል ይዘጋል፣ ደብዳቤም አይወጣበትም። አለዚያ ወንድሟ፣ ከእሱ በቀር ካሴቷ እጁ የገባች የለምና፣ የሱቁን የሁለት ዓመት ኪራይ የሚያህል ካሣ ይጠየቃል፤ ያ ማለት ሱቁ አለቀለት ማለት ነው። ስድስት ሰዓት ተኩል ሲል ማዳመጫውን አውልቃ ወጣች። ሹፌሩ አሁንም እንግዳ መቀበያው ውስጥ ተቀምጦ ነበር፤ ጫማዋን እያየች አለፈችው።

የወንድሟ ሱቅ ከአንድ ጫማ ጠጋኝና ከአንድ ፎቶኮፒ ቤት መሐል የተሰነቀረች፣ ስፋቷ ከበሩ ብዙም የማይበልጥ ክፍል ናት። በፊት ሬዲዮና ቴፕ ይጠግን ነበር፤ የሚጠገን ሲጠፋ የስልክ ቻርጀር መሸጥ ጀመረ፤ አሁን ደግሞ መስታወቱ ላይ “ካሴትዎን ወደ ፋይል እንቀይራለን” የሚል ወረቀት ለጥፏል፤ ዋጋው በእጅ ሁለት ጊዜ ተሰርዞ ዝቅ ብሏል። መደርደሪያው ላይ የሰዉ ካሴት በየላስቲኩ ስም ተጽፎበት ተደርድሯል። ጠረጴዛው ላይ የካሴት ክር የሚጠመጥምባቸው እርሳሶች በጣሳ ቆመዋል፤ ሁሉም አንድ ቀን እንኳ ተጽፎባቸው አያውቅም። የተቃጠለ ብየዳ ይሸታል። ከሁሉ በላይ፣ ከግድግዳው ጥግ፣ አቧራው ተወልውሎ፣ የእናታቸው ቤት ቴፕ ተቀምጧል። ወንድሟ በርጩማ ላይ አጎንብሶ ጥቃቅን ብሎኖች ሲለቅም ጥላዋ ጠረጴዛው ላይ አረፈ።

“ጋሼ” አለችው።

ቀና አለ። ከተያዩ ሰባት ወር ሆኗቸዋል፤ ጠጉሩ ከጎንና ከጎን ነጥቷል። “እንዴ። ደህና ነሽ?”

“ደህና። አንተስ?”

“ደህና።”

የስልኩ ንግግር አለቀ። እንደ ስልኩ መዝጋት አይቻልም፤ ተያዩ። እሱ ተነሥቶ ሌላ በርጩማ ሳበላት፣ በመዳፉ ጠረገላት። እንዴት ብላ እንደምትጀምር መንገዱን ሙሉ ስታሰላስል ነው የመጣችው፤ ለነገር ማሟሻ የሚሆን የቻርጀር ዋጋ ልትጠይቅም አስባ ነበር። እሱ ግን ፊቷን ትንሽ አየና ብሎኑን አስቀመጠ።

“ደረሰሽ ማለት ነው” አላት።

“ምኑ?”

“እማዬ ነቻ።”

ምን እንደሚላት ለመረዳት ጊዜ ወሰደባት። ወንድሟ እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ እሷን ሳይሆን ጨርቁን እያየ ነው የነገራት። ካሴቷን ቴፑ አልበላትም። ያኔ አንዲት ብቻ ነበረች፤ ካሴት ደግሞ እንደ አንሶላ ለሁለት አይቀደድም። ልስጣት ብሎ ሁለት ጊዜ ወስኖ ሁለት ጊዜ ጨክኖ ሊሰጥ አልቻለም፤ ማሙሽ የሚለው ሌላ ሰው አልቀረለትማ። በኋላ ካሴትን ወደ ፋይል መቀየር ሲማር የመጀመሪያ ሥራው ያቺ ካሴት ሆነች፤ ፋይል ደግሞ ቢሰጡት አያልቅም። ያኔ ነው ነገሩ የከፋው። “ምን ብዬ ልላክልሽ? ቴፑ በላት ብዬሻለሁ። ቴፕ የበላውን አይተፋም” አላት። ዋሽቼሻለሁ ማለት አፉ ላይ አልመጣ አለው። እና አሰበ። እህቱ ቀኑን ሙሉ ሥራዋ ከኢንተርኔት ዘፈን ማዳመጥ ነው፤ ከነዚያ በነፃ ከሚወርዱት። በዘፈኑ ስም እዚያ ቢያስቀምጠው አንድ ቀን ጆሮዋ ላይ ይወድቃል። ዋሸሁሽም፣ ይቅርታም ሳይባል፣ እንደ አጋጣሚ። ስምንት ወር ሙሉ ሱቁን ከመዝጋቱ በፊት ገጹን እየከፈተ ስንት ሰው እንዳወረደው ያያል። “ቁጥሩ በጨመረ ቁጥር ይሄኛዋ እሷ ትሆን እላለሁ። ማን እንዳወረደው አይጽፍም፤ ቁጥር ብቻ ነው የሚያሳየው።”

ልትስቅም ልታለቅስም ቃጣት። ይሄ ሰው አንድ ዓረፍተ ነገር ላለመናገር ብሎ እናቱን ለዓለም በትኗል። እሷስ? ሥራሽ ምንድን ነው ብሎ ደግሞ ጠይቋት ያውቃል፤ ደግማ ሸፍናለች።

“ጋሼ፣ ከድረ ገጹ ላይ አሁኑኑ አጥፋው።”

“ለምን?” ፊቱ ወደቀ። “ቅር አለሽ? ሰዉ እኮ ወዷታል፤ የጻፉትን አላየሽም?”

“አይቻለሁ። አጥፋው። ለምን አትበለኝ።”

“ስምንት ወር የጠበቅኩትን ለምን አልል?”

የፈረመችውን ወረቀት አሰበች፤ ቀጥሎ መስታወቱ ላይ ያለውን ሁለት ጊዜ የተሰረዘ ዋጋ አየች። “የማዳምጠው ለሬዲዮ አይደለም” አለችው። “ለጠበቃ ነው። እኔ ነው ስል ሰዉ ደብዳቤ ይደርሰዋል። የአንተ ፋይል ዛሬ ጠዋት እኔ ጠረጴዛ ላይ መጥቷል። እስከ አሥር ሰዓት ካልጠፋ ነው ማለቴ አይቀርም፤ እኔ ብልም ባልልም ሌላ ሰው ይላል።”

ከግድግዳው ወዲያ የጫማ ጠጋኙ መዶሻ ይሰማል፤ ሁለት መታ፣ አረፈ፣ ሁለት መታ። “እሱ ደርሶታል” አለ ወንድሟ ወደ ግድግዳው በአገጩ እያመለከተ። “ባለፈው ወር። ዕቃውን ሸጦ ነው የከፈለው። አንቺ ነሽ?”

“እኔ ልሆን እችላለሁ። ስድስት ነን።”

ሌላ ጊዜ ቢሆን የሆነ ነገር ይናገራት ነበር፤ ታላቅ ነው፣ መብቱ ነው። ግን ዞሮ ኮምፒውተሩን ከፈተ። ገጹ የይለፍ ቃል ጠየቀው። አያስታውሰውም፤ አንድ ደረሰኝ ጀርባ ላይ ጽፎት ነበር፤ ደረሰኙ የቱ ነው? መሳቢያ ገለበጠ፤ ሌላ መሳቢያ ገለበጠ። በዚህ መሐል አንዲት ሴትዮ የልጇ የመጀመሪያ ንግግር ያለበትን ካሴት ይዛ መጥታ ዋጋ ትከራከራለች። አዳማጭዋ ሰዓቷን አየች፤ ሰባት ከሩብ፤ በሰባት ተኩል ጠረጴዛዋ ላይ መሆን አለባት። ስትነሣ ወንድሟ ጎንበስ ብሎ ከጠረጴዛው ሥር ካለች ቆርቆሮ ካሴቷን አውጥቶ ዘረጋላት። “ውሰጃት።”

“በምን አጫውታታለሁ?”

ወደ ቴፑ ቀና ብሎ አየ፤ እሷም አየች። ካሴቷን ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ ወጣች። ከኋላዋ ወንድሟ ለሴትዮዋ “አንድ ጊዜ ይታገሡኝ እናቴ” እያለ ወረቀት ሲያገላብጥ ይሰማት ነበር።

ከምሳ በኋላ ያሉት ሰዓታት አላልቅ አሏት። ፋይል ትከፍታለች፣ ትሰማለች፣ ምልክት ታደርጋለች፤ እጇ ለምዶታል። ጆሮዋ ግን አመል አውጥቷል። እስከ ዛሬ የምትሰማው ዘፈኑን ብቻ ነበር፤ አሁን ከዘፈኑ ኋላ ያለው ክፍል ይሰማት ጀመር። ብዙዎቹ ጥርት ያሉ ናቸው። ሃያ ስድስተኛው ግን ከካሴት የተቀዳ ነው፤ ዝናብ ጣራ ይመታል። ሠላሳ አንደኛው ውስጥ ማንኪያ ብርጭቆ ሲመታ፣ አንድ ሽማግሌ ጉሮሮውን ሲያጸዳ ይሰማል። ይሄ ሽማግሌ የማን አባት ነው? ዘፈኑን ነው ወይስ ሽማግሌውን ነው የጫኑት? ሳጥኑ ይህን አይጠይቅም። ከሠላሳ ሺህ በላይ ፋይል አልፎባታል፤ በስንቱ ውስጥ ማን ተናግሮ እንደነበር እንጃ። ለእነዚህስ ምሳ ሰዓት ላይ ማን ይሄድላቸዋል? በየፋይሉ መሐል ሃያኛውን መልሳ ታያለች። አጠገቡ ያለችው ነጥብ አረንጓዴ ናት፤ ድረ ገጹ ላይ አለ ማለት ነው። ስምንት ሰዓት አረንጓዴ። ዘጠኝ ሰዓት አረንጓዴ። ደረሰኙን አላገኘውም።

ለአሥር ሩብ ጉዳይ ሲል ተቆጣጣሪው መጡ። ጡረታ ሊወጡ ሁለት ዓመት የቀራቸው፣ ግማሽ ደቂቃ ባከነ ብለው ሰው የሚገሥጹ፣ ከማዳመጫ በቀር ጌጥ የማያውቁ ሰው ናቸው። አሥረኛውን ሰሙ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሃያኛው ጋ ሲደርሱ ቆሙ። “ይሄ ለምን ባዶ ሆነ?”

“እርስዎ ቢሰሙት ብዬ ነው፣ አለቃ።”

ጆሮ ያልተባሉ እንኳ እንዲህ ብለዋቸው አያውቁም። ተገርመው ወንበር ሳቡና ማዳመጫውን ደፉ። የመጀመሪያውን ሰሙ። ወደ መሐሉ ሄዱ። ገጻቸው ላይ ምንም አይነበብም፤ ጣታቸው ግን ወደ ኋላ መለሰው። አንዴ። ደግሞ። የመጨረሻውን ሃያ ሰከንድ ሰምተው ማዳመጫውን ወደ አንገታቸው አወረዱት።

“ዘፈኑ ነው” አሉ።

“ነው” አለች። ሌላ ምን ትላለች፤ ነው።

የኮምፒውተሩን መዳፊት ያዙ፤ ቀስቷ ወደ ሳጥኑ ሄደችና ጫፉ ላይ ቆመች። የግድግዳው ሰዓት ለአሥር አራት ጉዳይ ይላል። ነጥቧ አረንጓዴ ናት። ተቆጣጣሪው ማንንም እንደማያናግር ሰው፣ ለራሳቸው ያህል፣ “ልጅቷ ነቃች ይሆን?” አሉ።

“አልተኛችም ነበር።”

አፏ ነው የተናገረው፤ እሷ አላዘዘችውም። ከወጣ በኋላ ግን መመለስ አልፈለገችም። “ብርድ ልብሱን እስከ አፍንጫዬ ስቤ እሰማ ነበር” አለች። “ዘፈኑን እወደው ነበር። ነቅቻለሁ ብል እናቴ የወንድሜን ጓደኞች ታባርርብኛለች ብዬ ነው።”

ተቆጣጣሪው ዞረው አዩዋት። እያያት ያለው አለቃዋ ይሁን ሌላ ሰው መለየት አልቻለችም። የሚባረር ሰው ዕቃውን የሚሰበስብባት ካርቶን በር ሥር ትቀመጣለች፤ ዓይኗ ወደዚያ ሄደ። ተቆጣጣሪው እጃቸውን ከመዳፊቱ ላይ አነሡ። መነጽራቸውን አወለቁ። ከኪሳቸው መሐረብ አውጥተው አንዱን መስታወት መወልወል ጀመሩ። እፍ አሉበት፤ ወለወሉት። ወደ ብርሃን ዘርግተው አዩት፤ አላማራቸውም፤ እንደገና እፍ አሉበት። ቀጥሎ ወደ ሁለተኛው መስታወት ተሻገሩ። ክፍሉ ውስጥ ያሉት አምስቱ ሌሎች አዳማጮች ማዳመጫቸውን ደፍተው የየራሳቸውን ዓለም ይሰማሉ። እሷ የምትሰማው የመሐረቡን ፋቅ ፋቅ ብቻ ነው። አሥር ሰዓት ሆነ፤ ማሽኑ ዙሩን ጀመረ። ነጥቦቹ ከላይ ወደ ታች አንድ በአንድ ብልጭ እያሉ ይታደሳሉ። አሥራ ስምንት አረንጓዴ። አሥራ ዘጠኝ አረንጓዴ። ሃያ ግራጫ።

ተቆጣጣሪው መነጽራቸውን አደረጉና ወደ ስክሪኑ ቀረብ አሉ። “ከድረ ገጹ ጠፍቷል” አሉ በሥራ ድምፃቸው። “በሌለ ነገር አንከስም፤ ዝጊው።” ወንበሩን ወደ ቦታው መልሰው ወደ ሠላሳኛው ሄዱ።

መዝጋት ማለት የቢሮውን ቅጂ ማጥፋት ነው፤ ይህን የሚያደርገው ራሱ አዳማጩ ነው። ከማጥፋቷ በፊት አራት ዓመት ሙሉ አድርጋው የማታውቀውን አደረገች፤ አንድ ፋይል ከዳር እስከ ዳር ሰማች። ሁለተኛው ሃያ ሰከንድ ካለፈ በኋላ፣ ሦስተኛው ሳይደርስ፣ ማንም ተቀጣሪ ጆሮውን በማይጥልበት ሥፍራ ላይ እናቷ እንደገና መጣች። በሩን ዘግታ አልሄደችም ነበር ማለት ነው፤ ቆማ ስትሰማ ቆይታለች። ዝቅ ባለ ድምፅ፣ “ይሄ ደስ ይላል። ሲያልቅ አንዴ ድገመው እስቲ” አለች። ስክሪኑ “ፋይሉ ይጥፋ?” ብሎ ጠየቃት። “አዎ” የሚለውን ተጫነች።

ስትወጣ እንግዳ መቀበያው ውስጥ ሰው አልነበረም። ሹፌሩ የት ሄደ ብላ ተቀባይዋን ጠየቀቻት፤ ፈረቃው ደርሶበት ሄደ፣ ነገ ተመልሶ እመጣለሁ ብሏል አለቻት። ነገ ጠዋት አሳንሰሩ ጋ ስትቆም ምን እንደምታደርግ ገና አታውቅም። የሹፌሩን ዘፈን ዜማ ግን ደረጃውን እስክትጨርስ ድረስ ሳታውቀው ስታንጎራጉር ነበር፤ ከነጭብጨባው።

ፌርማታው ላይ ወደ ቤቷ የሚወስዳት አውቶቡስ መጀመሪያ መጣ፤ አሳለፈችው። ሱቁ ስትደርስ ወንድሟ የብረት በሩን ግማሽ ድረስ አውርዶታል፤ ወለሉ በደረሰኝ ተሞልቷል። “አገኘሁት” አላት፤ “ለአሥር ሦስት ጉዳይ ሲል። ጫማ ጠጋኙ ነው ያገኘልኝ።” ስለ ጫማ ጠጋኙ ሌላ ነገር አልጨመረም፣ እሷም አልጠየቀችም፤ ያ ለሌላ ቀን ተቀምጧል። ጎንበስ ብላ ገባች። ካሴቷን አውጥታ ሰጠችው። እሱ ቴፑን ከመደርደሪያው አውርዶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው፤ በእርሳስ ክሯን አጠበቀ፤ ከተታት። አዝራሩን ተጫነ። ያ ሽውታ መጣ፤ ቀጥሎ ዘፈኑ ጀመረ። ወንድሟ፣ ሃያ ምናምን ዓመት ያልለቀቀው ልማድ ሆኖበት፣ አውራ ጣቱን የድምፁ መዘውር ላይ አሳረፈ።

“ልቀንሰው?” አላት።

“ጨምረው” አለችው።